የእናንተ ሬዲዮና የዘርአጽዮን ሌሊት

አዲስ አበባ፣ ከኦሎምፒያ ጀርባ
ሚያዝያ ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ይድረስ ለአበልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽ ገብረሃንስ እንደምን ሰነበተ? ክርስትና ያነሳኋት ልጄ ትበርህስ ሳሉ ለቀቃት ወይ? ናዝሬት ሞቃት ነውና ደረቷ ይሻላታል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። እኔ ለወጉ ያህል እንኳን «ደህና ነኝ» ብዬ ልጽፍልሽ ብዕሩን አንስቼ እጄ እምቢ አለኝ። ቆሜ እሄዳለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ። የቀረውን ወደ ታች ስታነቢ ትደርሺበታለሽ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ አዲሱ ቤታችሁ የሎሚ ዛፍ፣ ስለ ገበያው፣ ጎረቤትሽ ሴትዮ ስላገባችው ሦስተኛ ባል የጻፍሽውን ሁሉ አንብቤያለሁ። ሰውየው ከነዶሮዎቹ ገባ ያልሽው ቦታ ላይ አልዋሽሽም ስቄያለሁ። ከዚያ መጨረሻው ላይ «ምን በደልኩሽና ነው እንዲህ ዝም ያልሽኝ? ሰው ሲርቅ ይረሳል ማለት ነው» ብለሻል። ሳቄ እዚያው ደረቀ። ወረቀቱን አጣጥፌ ከስኳሩ ዕቃ ሥር ወሸቅኩት። ስኳር ባነሳሁ ቁጥር አየዋለሁ፣ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። የጠየቅሽውን እኮ ሊጠይቀኝ የማይገባ ሰው ቢኖር አንቺ ነሽ። ግን ጠይቀሻል። ይኸው ልንገርሽ።

በፖስታ አልላክሁትም፤ ለምን እንደሆነ እየገባሽ ትሄጃለሽ። ይዞልሽ የመጣው ሐዱሽ ነው፣ የባሌ የዘርአጽዮን ታናሽ ወንድም። ይህን ስታነቢ እሱ ሳሎንሽ ቁጭ ብሎ ሻይ እያማሰለ ይሆናል። መልስሽን ሳይዝ እንዳይመለስ ነግሬዋለሁ። ቀና ብለሽ እስኪ እየው። ያ ዝምተኛ ልጅ አንድ ኩላሊቱን ለወንድሙ ሊሰጥ ወስኖ ከመቀሌ የመጣ ሰው ነው። ሁለቱን ወንድማማቾች አሁን ከመንገድ ያስቀራቸው ሐኪም አይደለም፣ አንቺ ነሽ።

አሁን ቀን ነው። ዘርአጽዮን ተኝቷል። አውሮፕላኑ የቤታችንን ቆርቆሮ እያንቀጠቀጠው ያልፋል፣ እሱ ግን ዓይኑን እንኳን አልገለጠም። ሲመሽ ነው ጉዱ።

በሽታው ሲጀምረው አንቺም ነበርሽ። ከአውሮፕላን መጠገኛው ሃንጋር ሲመለስ ጫማው አልወልቅ አለው፣ እግሩ አብጦ። አንቺ «ሞተር ሥር ቆሞ ስለሚውል ነው፣ በጨው ውሃ ይዘፍዝፈው» አልሽ፤ እኔም አምኜሽ ዘፈዘፍኩት። ሁለቱም ኩላሊቶቹ እንደደከሙ የታወቀው በኋላ ነው። ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ሆስፒታል እየሄደ ደሙን በማሽን ማሳጠብ ጀመረ። ውሃ በልክ ሆነበት። የአውሮፕላን ሞተር ፈቶ የሚገጥም ሰው ጥሙን በሎሚ ቅርፊት ሲያታልል አይተሽ አንቺም ፊትሽን አዙረሽ አልቅሰሻል። ያን ሁሉ ቻለው። አልቻል ያለው ሌሊቱን ነበር።

ቀን በረንዳ ላይ ቁጭ ሲል አንገቱ ይወድቃል። በቀበሌ ስብሰባ መሃል ያንኮራፋል፤ አንድ ቀን «አብዮቱን ንቆ ነው» ተብሎ ተነስቶ እንዲቆም ተደረገ፣ ቆሞም ተኛ። ሲመሽ ግን ሰፈሩ ጥቅልል ብሎ ሲተኛ የሱ ዓይን ይፈጣል። ያላልነው ነገር አልነበረም። እትዬ አስመረት ዓይነ ጥላ ነው አለች። የታችኛው ቤት ሰውዬ ሴት ሳይዝ አይቀርም፣ ሐሳብ ነው ብሎ አስወራ፤ ሴት ለመያዝ የሚበቃ ጉልበት ቢኖረው ደስ ባለኝ። ወተት ሻጯ ደሪቱ ከለሚ ወተት ይዛልን በመጣች ቁጥር «አንድ ብርጭቆ ትኩሱን ጠጥቶ ይተኛ» ትላለች፤ ሐኪሞቹ ያንንም ከለከሉት።

በመጨረሻ እሱ ራሱ መላ አገኘ። የተበላሸ ነገር ያለው ያምጣልኝ አለ። ካውያው፣ የግድግዳ ሰዓቱ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃው፣ ሬዲዮው ሁሉ እኛ ቤት ተከመረ። ማታ የሰጠሽውን ጠዋት ደህና ሆኖ ትወስጂያለሽ። የሰው ልጅ እንቅልፍ አጥቶ የሰፈር አገልጋይ ሲሆን አየሁ። ሰውም እንዴት እንደለመደ። አንዷማ «ጋሼ እንቅልፍ እንዳይመጣለት ጸልዩ፣ ድስቴ አላለቀም» ብላ ስትቀልድ አብረሽ ስቀሻል። እሱም ስቋል። ደስ ይለው ነበር። ነቅቶ መቅረቱ ለአንድ ነገር የዋለ መሰለው።

ኅዳር ላይ አንቺም መጣሽ። ያቺን የእናንተን ትልቋን ሬዲዮ በትበርህ አንሶላ ጠቅልለሽ በጓሮው በር አስገባሽልን። «ድምጿ ጠፋ፣ ማዞሪያዋም ባዶውን ይዞራል። ገብረሃንስ ያለሷ እራት አይወርድለትም፣ ቶሎ አድርግልኝ ጋሼ» አልሽው። ደሪቱ ወተት እየቀዳች ነበር፣ ሰምታሻለች።

ዘርአጽዮን ከፈታት በኋላ ጥፋቷ ሁለት እንደሆነ ነገረኝ። አንደኛው ድምፅ የሚያወጣው ሽቦ ተላቅቋል። ሁለተኛው ደግሞ ጣቢያ የሚመርጠው ክር ተበጥሷል። ያቺ ቀይ ቀስት በመስታወቱ ላይ የምትሄደው በዚያ ክር ተስባ ነው፤ ክሩ ከተበጠሰ ማዞሪያውን እስከ ነገ ብታሽከረክሪው ቀስቷም አትነቃነቅ፣ ጣቢያውም አይለወጥ። ሬዲዮዋ ክሩ የተበጠሰ ዕለት የነበረችበት ቦታ ላይ ተቸክላ ትቀራለች። ክሩ ከፒያሳ እስኪገዛ ሽቦዋን ልበይዳት አለ። ይህን ልብ በይልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የዚያን ዕለት ሌሊት በይዶ ጨረሰና ልሞክራት ብሎ አበራት። እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ። ሬዲዮዋ ተናገረች። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ከሰሜን የሚመጣውን፣ በስሙ ብቻ ሰው የሚታሰርበትን አንቺም ታውቂዋለሽ። ዘርአጽዮን እንደ እሳት ፈጥኖ አጠፋት። ግን ከሰፈሩ ሁሉ መብራት የሚታየው ከእኛ ቤት ብቻ ነው፤ ሌሊት የሚዞሩት የቀበሌው ሮንዶች ብርዱን የሚያሳልፉት ከእኛ አጥር ሥር ነበር።

ገቡ። ለምን አልተኛህም አሉት። እንቅልፍ የለኝም አላቸው። በዚህ ሰዓት እንቅልፍ የሌለው ማነው አለ አንደኛው። እናንተስ አላቸው። ለዚህች መልሱ ጥፊ ቀመሰ። ከዚያ ሬዲዮዋን አዩ፤ ቀስቷ የት ላይ እንደቆመች አዩ። የማን ናት አሉት። እኔ አፌን ስከፍት ቀድሞኝ «የኔ ናት» አለ። ዓይኑን ወደኔ ወርውሮ ዝም አሰኘኝ። ያንን ዓይኑን ታውቂዋለሽ።

ጠዋት የሆነውን አንቺ ረስተሽው ይሆናል። እኔ አልረሳሁትም። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፍስሃ ሬዲዮዋን አስይዞ ከቤት ቤት እያሳየ ሲጠይቅ እናንተ በር ላይ ደረሰ። ይህችን ታውቂያታለሽ ወይ አለሽ። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ቆሜያለሁ። ሻይ እየጠጣሽ ነበር፤ ብርጭቆው ከእጅሽ አልወረደም። «እኛ ሬዲዮ የለንም» አልሽ። እሺ። ፈራሽ። ማን አልፈራም? እኔስ ሌሊቱን አፌን ዘግቼ አላደርኩም? በዚህ ብቻ ቢሆን እምልልሻለሁ፣ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር፤ የትበርህን ቀሚስ ሰፍቼ በሐዱሽ እጅ እልክልሽ ነበር።

አንቺ ግን ጨመርሽበት። ማንም ሳይጠይቅሽ ጨመርሽበት። «ጋሼ ሌሊቱን ሙሉ ሬዲዮ ሲያንጫጫ ነው የሚያድረው፤ እኛም እንቅልፍ አጥተናል» አልሽ። የመጀመሪያውን ፍርሃት አስባለሽ። ሁለተኛውን ማን አስባለሽ? አንቺ እንቅልፍ አጣሽ? በሱ የተሠራ ካውያ የተኮሰውን ሸሚዝ ባልሽ ለብሶ ሥራ ሲሄድ እንቅልፍ ያጣሽ አንቺ ነሽ?

ያን ረቡዕ ሌሊት እንደወሰዱት እስከ ሰኞ አቆዩት። ዓርብ በመሃል አለፈ። ዓርብ የእጥበት ቀኑ ነው። ስንቅ ይዤ እየሄድኩ ለዘበኛው፣ ለጸሐፊው፣ ላገኘሁት ሁሉ ዛሬ ማሽን አለው እያልኩ ለመንኩ። ጸሐፊው «የምን ማሽን ነው፣ የጽሕፈት ነው?» አለኝ። ማተሚያ የደበቅን መስሎት ደነገጠና ደግሞ በዚህ ሌላ ጥያቄ ተነሳ። ሰኞ ሲለቁት ፊቱ አብጦ ዓይኑ ጠፍቷል፤ ትንፋሹ ከደረቱ አይወርድም። በሐዱሽ ትከሻና በእኔ ትከሻ መሃል ተንጠልጥሎ ሆስፒታል ገባ። ውሃው ልቡን አስጨንቆታል አሉን። ተረፈ። ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ደረጃ ወጥቶ ያርፋል።

እናንተ በታኅሣሥ ወደ ናዝሬት ተዛወራችሁ። ጭነት መኪናው ሲጫን በመስኮት አየሁሽ። መጥተሽ ስመሽው ሄድሽ፣ ተኝቶ ነበር። ተኝቶ ባይሆን ኖሮ ትመጪ ነበር ወይ እያልኩ እስካሁን አስባለሁ።

አሁን ስለ እንቅልፉ የተማርኩትን ልንገርሽ፤ ይህን ማወቅ ያለብሽ ይመስለኛል። ማሽኑ ጋ ያለችው ዶክተር ሃረገወይን የምትባል ሐኪም ውጭ አገር ተምራ የመጣች ናት። ቁጣዬን ስታይ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ጨለማ ሲመጣ አንጎላችን ውስጥ ካለች ከሽምብራ የምታንስ ዕጢ ሜላቶኒን የሚባል ነገር ይመነጫል አለችኝ፤ ለሰውነታችን «መሽቷል» ብሎ የሚነግረው እሱ ነው። ኩላሊታቸው የደከመ፣ በማሽን የሚታጠቡ ሰዎች ላይ ግን ማታ ከፍ ማለት የነበረበት ከፍ አይልም እያሉ ሐኪሞች በቅርቡ መጻፍ ጀምረዋል፤ ምክንያቱ ገና ተጣርቶ አላለቀም አለች። ታዲያ እጥበቱ አይመልስለትም ወይ አልኳት። «ማሽኑ ደሙን ያጥባል እንጂ ሌሊቱን አይመልስለትም» አለችኝ።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። አዝኜ እንዳይመስልሽ፣ ተናድጄ ነው። ዓይነ ጥላ አልነው፣ ሴት አልነው፣ ሐሳብ አልነው፤ ቀበሌው ሴራ አለው። ሰውየው ግን በገዛ ሰውነቱ ውስጥ «መሽቷል፣ ተኛ» የሚለው አጥቶ ነው የተንከራተተው። አስቢው፣ አገር ሁሉ የሚያገኘውን፣ ድመቷም ዶሮዋም የምታገኘውን እሱ ማጣቱ ሳያንሰው በዚያው ታሰረበት።

ዶክተሯ ይህንኑ በወረቀት ጽፋ ማህተም አድርጋ ሰጠችኝ። ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ለምን መሰለሽ? የሕክምና ቦርዱ ዘርአጽዮን ከሐዱሽ ጋር ቡዳፔስት ሄዶ ኩላሊት እንዲቀየርለት ፈቅዷል። ሁሉ አልቋል። የመውጫ ቪዛው ግን ያለ ቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አይሰጥም፤ ቀበሌው ደግሞ ያን የሬዲዮ ጉዳይ ይዞ ደብዳቤውን ከልክሏል። ማሽኑ አንድ ነው፣ ሲበላሽ ሐኪሞቹም እንደኛ ቆመው ያዩታል። ዶክተሯ ደግሞ «ይህን ክረምት በዚህ ማሽን ያልፋል ብዬ አልዋሽሽም» ብላኛለች። ክረምት ስንት ቀረው?

ጓድ ፍስሃ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ከዚያ «እኔም ይህ ነገር ሳይጎድለኝ አይቀርም፣ ለአብዮቱ ነቅቼ ነው የማድረው» ብሎ ሳቀ፤ አጠገቡ ያሉትም ሳቁ። የለበሰው ሸሚዝ የተተኮሰበትን ካውያም ዘርአጽዮን ነው የጠገነው። ሳቁ ሲያልቅለት ግን ሰው የመሰለ ነገር ተናገረኝ። «እህቴ፣ ይህ ወረቀት መብራቱን ነፃ ያወጣዋል። ሬዲዮዋንስ ምን ያወጣታል?» አለኝ። ለጥገና የመጣች የሰው ዕቃ ናት አልኩት። የማን አለኝ። እንዳልናገር ዘርአጽዮን አስምሎኛል። «ባለቤቱ መጥቶ ተበላሽታ ነው የሰጠሁት ይበል፣ በዚያው ቀን እፈርምልሻለሁ» አለኝ።

ደሪቱ ሰምታ ጣሳዋን አስቀምጣ ሄደችለት። «እኔ አይቻለሁ፣ ሬዲዮዋ በአንሶላ ተጠቅልላ ስትገባ ወተት እየቀዳሁ ነበር» አለችው። ማን ይዟት ገባ ሲላት ወደኔ ዞር ብላ አየችኝና «ፊቷን አላየሁም» አለች። ስድስት ዓመት ወተት ያመላለሰችልሽ ሴት ናት፣ በፊትሽ ብቻ አይደለም በጫማሽ ድምፅ ታውቅሻለች። ጓድ ፍስሃም ባለቤቱን አልኩ እንጂ ወተት ሻጭ አላልኩም ብሎ መለሳት። ስትመለስ በመንገዱ ሁሉ በኦሮምኛ ስትሳደብ መጣች፤ ምን እንዳለች ባላውቅም ልቤን ቅቤ አጠጣችው።

እንግዲህ የምጠይቅሽ ይህ ነው። የፊታችን እሁድ ጓድ ፍስሃ ቀበሌ ይቀመጣል። ነይና ሬዲዮዋ የኔ ናት፣ ድምጿ ጠፍቶ ለጥገና ሰጥቻት ነበር፣ ያን ዕለት ፈርቼ ካድኩ በይ። ይኸው ነው። ይቅርታ እንድትጠይቂኝ አልፈልግም። እንድትስሚኝም አልፈልግም።

የምትፈሪውን አውቃለሁ። ስለዚያ ልጻፍልሽ፣ ከዚያ ይህን ደብዳቤ ሐዱሽ ፊት አቃጥዪው። ቀስቷን ነው የምትፈሪው። አትፍሪ። ዘርአጽዮን ሲመረመር «ስሞክራት ቀስቷን ያዞርኳት እኔ ነኝ፣ የት እንደቆመች አላየሁም» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል፣ ፈርሟል። ስለ ክሩ አልተናገረም። ስለ ክሩ የጠየቀውም የለም፤ አንቺም እንዳታነሺው፣ ድምጿ ጠፋ ብቻ በይ። ክር የሌላት ቀስት እንደማትዞር እሱ ያውቃል። እኔም አሁን አውቃለሁ። ገብረሃንስ ያለሷ እራት የማይወርድለት ለምን እንደሆነም ገብቶኛል። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ አልልምም፤ ብትመጪም ባትመጪም አልልም። እሱን አስበሽ እንዳትመጪ፣ እሱን አስበሽም እንዳትቀሪ። እንደናንተ ሰው አሳልፎ መስጠት ብችል ኖሮ የድጋፍ ደብዳቤው ከጥር ጀምሮ እጄ ላይ ነበር።

ይህን እየጻፍኩ ዘርአጽዮን ነቃ። መሸት ብሏል፣ ሰዓቱ ደርሷል ማለት ነው። ለማን ነው የምትጽፊው አለኝ። ለአበልጄ አልኩት። ምን ብለሽ እንዳይለኝ ፈርቼ ወረቀቱን በክንዴ ሸፈንኩት፤ እሱ ግን አልጠየቀኝም። ትበርህን ሳሚልኝ በያት አለ። ከዚያ ከሸሚዙ ኪስ ትንሽ ጥቅል ነገር አውጥቶ አሳየኝ፤ በሕመሙ ላይ ፒያሳ ድረስ ሄዶ የገዛው የሬዲዮ ክር ነው። «ክሩን አግኝቼላቸዋለሁ በያቸው። ሬዲዮዋ ከቀበሌ ስትወጣ እገጥምላቸዋለሁ፤ ሌሊቱ እንደሆነ ረጅም ነው» አለኝ።

ያለውን ጻፍኩልሽ። እኔ ብሆን ይህን አልልክልሽም ነበር።

ለትበርህ እመቤቴ ትጠብቅልኝ፣ እድሜና ጤና ይስጣት፤ ደረቷን በጋቢ ሸፍኝልኝ። ለቤታችሁም ሰላም ይሁን፣ የሰላም እንቅልፍ ይስጣችሁ። ይህን የመጨረሻውን ምርቃት ልቤ አልወደደውም፣ ግን እጄ ለምዶት ጻፈው፤ አልሰርዘውም።

ሐዱሽ እየጠበቀሽ ነው።

የልጅሽ የክርስትና እናት